ከአስር አንድ ሲቀነስ ዜሮ፦ አራት ዓመት የኖረው የካሪቢያን ፌዴሬሽን

ሜይ 31 ቀን 1962 አንድ አዲስ አገር ሊወለድ ቀጠሮ የተያዘለት ቀን ነበር። ቀጠሮው የተቆረጠው ከዓመት በፊት፣ ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው። በካሪቢያን ባህር ውስጥ ያሉ አስር የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በዚያ ቀን አንድ ላይ ነፃ ይወጣሉ ተባለ። ቀኑ አልተዛነፈም። ግን በዚያው ቀን፣ ያሰባሰባቸው የዌስት ኢንዲስ ፌዴሬሽን በይፋ ፈረሰ።

(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ካሪቢያን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሬጌ፣ ራስታና የባህር ዳርቻ ነው። ፖለቲካቸው ብዙም አይወራም። እኔ ግን በአንድ ባህር ዙሪያ ያሉ ጎረቤቶች "እንዋሃድ" ሲሉ የት ላይ እንደሚደናቀፉ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። ሁሉ ነገር የተመቸ ይመስል ነበርና። የትምህርት ቤቱና የቢሮው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ህጋቸው የተቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው። ታሪካቸውም ተመሳሳይ ነው፤ ሸንኮራ፣ ባርነት፣ ከዚያ ረጅም የቅኝ አገዛዝ ዘመን። ክሪኬት እንኳ የሚጫወቱት በአንድ ቡድን ነው። በመካከላቸው የድንበር ጦርነት አልነበረም። ታዲያ ምን ነካቸው?

ሀሳቡ ከየት መጣ

በ1930ዎቹ ደሴቶቹን የሥራ ማቆም አድማና አመፅ ናጣቸው። በ1937 ትሪኒዳድና ባርቤዶስ፣ በ1938 ደግሞ ጃማይካ ተቀጣጠሉ። ከዚያ ትርምስ የሠራተኛ ማህበር መሪዎች ብቅ አሉ፤ እነሱም ቀስ በቀስ የፖለቲካ መሪ ሆኑ። በጊዜው የብዙዎቹ እምነት አንድ ነበር። ትናንሽ ደሴቶች ለየብቻቸው ነፃ አይወጡም፣ ተሰባስበው ግን ይችላሉ። ለንደንም ይህን ትወደዋለች። አስር ቅኝ ግዛት በየተራ ከማሰናበት አንዱን ጥቅል መሸኘት ይቀላል፤ ወጪም ይቀንሳል።

በሴፕቴምበር 1947 ጃማይካ ውስጥ ሞንቴጎ ቤይ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። በመርህ ደረጃ ተስማሙ። ከዚያ ኮሚቴ፣ ሪፖርት፣ እንደገና ጉባኤ። ፌዴሬሽኑ ሥራ የጀመረው ጃንዋሪ 3 ቀን 1958 ነው። በመሃል ከአስር ዓመት በላይ አለፈ። ይህ መዘግየት ቀላል ነገር አልነበረም። በ1947 ፌዴሬሽን የነፃነት መንገድ ነበር። በ1958 ግን ጃማይካ የራሷ ምክር ቤትና ካቢኔ ነበራት፣ ከቦክሳይት ማዕድንም ገቢ ጀምራለች። ትሪኒዳድ ነዳጅ አላት። ነፃነትን ለብቻ ማግኘት ከእንግዲህ ቅዠት አይመስልም። ጋብቻው ሲጓተት ሙሽሮቹ የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተው ነበር ማለት ይቻላል።

አባላቱ ጃማይካ፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎ፣ ባርቤዶስ፣ ግሬናዳ፣ ሴንት ሉሲያ፣ ሴንት ቪንሰንት፣ ዶሚኒካ፣ አንቲጓ፣ ሞንትሰራት እንዲሁም ሴንት ኪትስ፣ ኔቪስና አንጉዊላ በአንድነት ሆነው ነበሩ። የዛሬዎቹ ጓያናና ቤሊዝ ተጋብዘው ነበር፤ አንገባም አሉ።

ባንዲራው ያምራል። ሰማያዊ መደብ፣ አራት የሚሞገዱ ነጭ መስመሮች፣ መሃሉ ላይ ወርቃማ ክብ። ባህሩና ፀሐዩ ናቸው። ከፌዴሬሽኑ ነገሮች ሁሉ ማንም ሳይጨቃጨቅበት ያለቀ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የቁጥር ችግር

የፌዴሬሽኑ ህዝብ ሶስት ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ 1.6 ሚሊዮን የሚሆነው ጃማይካ ነው። ትሪኒዳድ ስምንት መቶ ሺህ ያህል አላት። ሞንትሰራት ደግሞ ከ15 ሺህ አትሞላም። እንግዲህ እነዚህን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጥና ወንበር አከፋፍል!

የተወካዮች ምክር ቤቱ 45 መቀመጫ ነበረው። ጃማይካ 17፣ ትሪኒዳድ 10፣ ባርቤዶስ 5 አገኙ። ሞንትሰራት 1፣ የቀሩት ስድስቱ 2፣ 2። ከህዝቡ ከግማሽ በላይ የሆነችው ጃማይካ ከወንበሩ ግማሽ እንኳ አልደረሰችም። ትናንሾቹ ደግሞ ይህም በዝቶላታል ብለው ይሰጋሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የጃማይካ ገበሬ "ለምን የእኔ ድምፅ ከሞንትሰራቱ ያንሳል?" ቢል አይፈረድበትም። የሞንትሰራቱም "በቁጥር ከሆነ እኔ የለሁም ማለት ነው" ቢል ልክ ነው።

ላዩ ላይ ርቀት አለ። ከጃማይካ ዋና ከተማ ከኪንግስተን እስከ ትሪኒዳድ ዋና ከተማ ፖርት ኦፍ ስፔን ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለኪንግስተን ማያሚ ትቀርባታለች። ጃማይካዊው ሥራ ፍለጋ ሲነሳ ለንደን ወይም ኒውዮርክ ይሄዳል እንጂ ትሪኒዳድ አይሄድም። ካርታ ላይ ባህሩ የሚያገናኛቸው ይመስላል፤ መርከብ ከሌለ ግን ባህር ግድግዳ ነው። ይህ ለካናዳ መንግስት ሳይገባው አልቀረም። ሁለት መርከቦች አሠርቶ በስጦታ ሰጣቸው፤ ፌዴራል ፓልም እና ፌዴራል ሜፕል ይባላሉ። ሰውና ዕቃ ጭነው ከደሴት ደሴት ይመላለሱ ነበር። ችግሩ የደረሱት በ1961 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ፌዴሬሽኑ መንገዳገድ ጀምሯል።

ባዶ ካዝና

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። ፌዴራል መንግስቱ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የገቢ ግብር የመጣል ሥልጣን አልነበረውም። ገንዘቡ ከደሴቶቹ በመዋጮ ይመጣል። ጣሪያው በዓመት 9.1 ሚሊዮን የዌስት ኢንዲስ ዶላር ገደማ ነበር። በጊዜው ምንዛሪ አንድ ፓውንድ 4.80 ዶላር ስለነበር፣ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ከመዋጮው ከአራት ሶስት እጁን በላይ የሚከፍሉት ጃማይካና ትሪኒዳድ ናቸው። የሁለቱ ደሴቶች የየራሳቸው በጀት ከፌዴራሉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዲያውም ጃማይካ የፌዴሬሽኑን ዶላር አትጠቀምም፤ በራሷ ፓውንድ ነው የምትገበያየው።

የጉምሩክ አንድነት የለም። አንዱ ደሴት የሌላውን ዕቃ ይቀርጣል። ሰው በነፃነት ተዘዋውሮ የሚሠራበት ህግም የለም። እነዚህ ጉዳዮች "በኋላ እናየዋለን" ተብለው ነው የታለፉት። በጀት የለው፣ ገበያ የለው፣ የውጭ ጉዳይና መከላከያ በእንግሊዝ እጅ። ከላይ ደግሞ ከለንደን የተሾመ ጠቅላይ ገዥ፣ ሎርድ ሄይልስ፣ ተቀምጧል። አገር ሳይሆን የአገር ናሙና ነበር።

እንዲህ ያለ መንግስት ሊያቆመው የሚችል ነገር ቢኖር የመሪዎች ክብደት ነው። እሱም ቀረ። የጃማይካው መሪ ኖርማን ማንሊ ለፌዴራል ምርጫ አልተወዳደሩም። የትሪኒዳዱ መሪ ኤሪክ ዊሊያምስም እንዲሁ። ሁለቱም ቤታቸውን ለቀው ቢወጡ ወንበራቸው እንደሚነጠቅ ያውቃሉ። ማርች 25 ቀን 1958 ምርጫው ተደረገ፤ የማንሊና የዊሊያምስ ወገን በጠባብ ብልጫ አሸነፈ። ግን በየደሴታቸው፣ በጃማይካም በትሪኒዳድም፣ ብዙውን መቀመጫ የወሰዱት ተቃዋሚዎቻቸው ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የባርቤዶሱ ግራንትሊ አዳምስ ናቸው። አዛውንት፣ የተከበሩ የህግ ሰው። ትልልቆቹ ሰዎች ግን ኪንግስተንና ፖርት ኦፍ ስፔን ተቀምጠው በስልክና በደብዳቤ ይጎትቷቸዋል። ዋናው ሰው ቤቱ ተቀምጦ ተወካይ የሚልክበት ሽምግልና ምን ውጤት ያመጣል?

አዳምስም ራሳቸው አንድ ከባድ ስህተት ሠሩ። በ1958 መጨረሻ ላይ፣ አምስቱ ዓመት ሲያልፍ ፌዴራል መንግስቱ የገቢ ግብር ሊጥል፣ ያውም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያስከፍል እንደሚችል ተናገሩ። ጃማይካ ውስጥ ጉድ ፈላ። እስከዚያ ድረስ ለአብዛኛው ጃማይካዊ ፌዴሬሽን ማለት ሩቅ ያለ ስብሰባ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ኪሱ ውስጥ የሚገባ እጅ ሆነ።

ዋና ከተማ ፍለጋ

የዋና ከተማው ነገር ብቻውን ቴአትር ነው። አንድ የእንግሊዝ ኮሚሽን በ1956 አጥንቶ ባርቤዶስን አንደኛ፣ ጃማይካን ሁለተኛ፣ ትሪኒዳድን ሶስተኛ አደረገ። መሪዎቹ ተሰብስበው ሶስተኛዋን መረጡ። ትሪኒዳድ ውስጥ ደግሞ የተፈለገው ቦታ ቻጓራማስ ነው፤ በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ባህር የገባ መሬት። ችግሩ እዚያ የአሜሪካ ባህር ኃይል አለ። እንግሊዝ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1941፣ ለ99 ዓመት አከራይታዋለች። የደሴቲቱን ሰው የጠየቀ አልነበረም።

ዊሊያምስ የታሪክ ምሁር ናቸው። ይህን ነገር አንስተው አገር አንቀጠቀጡበት። ኤፕሪል 22 ቀን 1960 በዝናብ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው አስከትለው በፖርት ኦፍ ስፔን ሰልፍ ወጡ። ልዕልት ማርጋሬት የፌዴሬሽኑን ፓርላማ የከፈቱት ልክ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዚያው ዕለት ነበር። በፌብሩዋሪ 1961 ከአሜሪካ ጋር አዲስ ስምምነት ተፈረመ፤ ብዙ መሬት ተመለሰ። ለትሪኒዳድ ድል ነው። ፌዴራል መንግስቱ ግን በዚህ ሙግት የዳር ተመልካች ነበር ማለት ይቻላል። አዳምስ ለስለስ ያለ መንገድ በመምረጣቸው ከዊሊያምስ ጋር ተቆራረጡ። ቻጓራማስ ላይ ዋና ከተማ አልተሠራም። ፌዴሬሽኑ እስከ ዕለተ ሞቱ በጊዜያዊ መቀመጫ፣ ፖርት ኦፍ ስፔን ላይ ቆየ።

39 ሺህ የማይሞላ ድምፅ

ጃማይካ ውስጥ ማንሊን የሚገዳደሩት አሌክሳንደር ቡስታማንቴ ነበሩ። ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ማንሊ የተማሩ፣ ረጋ ያሉ ጠበቃ። ቡስታማንቴ መድረክ ላይ የሚያንጎዳጉዱ፣ የአደባባይ ሰው። በሜይ 1960 ቡስታማንቴ ፓርቲያቸው ፌዴሬሽኑን እንደሚቃወም ድንገት አስታወቁ። ማንሊ ወዲያው መለሱ፤ ህዝቡ ይወስን አሉ፣ ህዝበ ውሳኔ ጠሩ። ማንም አላስገደዳቸውም። ከዚያ ቀደም ብለው ለንደን ሄደው ጃማይካ ለብቻዋ ነፃ መውጣት ትችል እንደሆነ የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩን ኢያን ማክላውድን ጠይቀው ነበር። መልሱ ትችላለች ነው። ይህ መልስ ሲሰማ አማራጩ ተለወጠ። "ፌዴሬሽን ወይስ ቅኝ ግዛት" የነበረው ጥያቄ "ፌዴሬሽን ወይስ ብቻችንን ነፃነት" ሆነ።

ማንሊ ህዝበ ውሳኔውን ለማሸነፍ በድርድሩ በኩል ብዙ ነገር አስገኝተው ነበር። ለንደን ላይ ለጃማይካ ከአዲሱ ምክር ቤት ወደ ግማሽ የሚጠጋ መቀመጫ ተፈቀደ። በግብርና በኢንዱስትሪ ጉዳይ ፌዴሬሽኑ እጁን እንዳያስገባባት ጥበቃ ተሰጣት። ዊሊያምስ ተናደዱ። እሳቸው የሚፈልጉት ጠንካራ ማዕከል ነው፤ በ1959 ይህን የሚተነትን ዕቅድ አሳትመው ነበር። ማንሊ ደግሞ የላላ ማህበር ፈለጉ። ስምምነቱ ሁለቱንም አላረካም።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1961 ጃማይካ ድምፅ ሰጠች። ይቅርብን ያለው 256,261፣ እንቀጥል ያለው 217,319። በመቶኛ 54 ለ46 ነው። ልዩነቱ 39 ሺህ አይሞላም። ከመራጩ አርባ በመቶ የሚጠጋው ጭራሽ አልወጣም።

ዊሊያምስ ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሂሳብ ዛሬም ድረስ በካሪቢያን ይጠቀሳል። ከአስር አንድ ሲቀነስ ዜሮ። ቀልድ ይመስላል እንጂ ሂሳብ አላቸው። ጃማይካ ከወጣች ዘጠኙን የሚሸከመው የትሪኒዳድ ነዳጅ ነው። በዲሴምበር 1961 ምርጫ ፓርቲያቸው ከ30 መቀመጫ 20 ወሰደ። በጃንዋሪ 1962 እሳቸውም በቃን አሉ። ጃማይካ ኦገስት 6፣ ትሪኒዳድ ኦገስት 31 ቀን 1962 ለየብቻ ነፃ ወጡ። ማንሊ ያንን ነፃነት እንኳ በሥልጣን ላይ ሆነው አላዩትም፤ በኤፕሪል ምርጫ በቡስታማንቴ ተሸንፈዋል።

ነፍሱን ለማዳን የሞከሩ አልጠፉም። በኋላ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙት የሴንት ሉሲያው ተወላጅ አርተር ሉዊስ ከደሴት ደሴት እየዞሩ የቀሩትን ስምንቱን ለማሰባሰብ ደከሙ። አልሆነም። ግሬናዳ ደግሞ ትሪኒዳድን ልቀላቀል አለች። በ1962 እዚያ የተካሄደውን ምርጫ ያሸነፈው ፓርቲ ይህንኑ ቃል ገብቶ ነው። የትሪኒዳድ መልስ እየተንዛዛ ቀረ። ባርቤዶስም በ1966 የራሷን መንገድ ሄደች።

ያልፈረሰው

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። መንግስቱ ፈርሶ ሌሎች ነገሮች አልፈረሱም። በ1948 በ33 የህክምና ተማሪዎች ጃማይካ ላይ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ፌዴሬሽኑ በሞተበት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ትሪኒዳድ ላይ ቀድሞ ካምፓስ ከፍቶ ነበር፤ ባርቤዶስ ላይ ደግሞ በ1963 ከፈተ። የካናዳ መርከቦችም ለዓመታት መመላለሳቸውን ቀጠሉ።

ክሪኬቱማ ወርቃማ ጊዜው ያኔ ነው። በ1960 የባርቤዶሱ ተወላጅ ፍራንክ ዎረል ካፒቴን ሆነ፤ ለሙሉ የጨዋታ ዙር ቡድኑን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ካፒቴን። በዚያው ዲሴምበር ብሪዝበን ላይ ከአውስትራሊያ ጋር ውጤቱ እኩል ሆኖ ያለቀ የመጀመሪያው ቴስት (ለቀናት የሚዘልቀው የአገራት የክሪኬት ግጥሚያ) ተደረገ። ቡድኑ ሲመለስ የሜልቦርን ህዝብ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ሸኘው። ፖለቲከኞቹ በወንበር ቁጥር ሲነታረኩ አሥራ አንዱ ልጆች ሜዳ ላይ ፌዴሬሽን ሆነው ይጫወቱ ነበር።

ውህደቱ በሌላ በር ተመለሰ። ዲሴምበር 1965 አንቲጓ፣ ባርቤዶስና ጓያና የነፃ ንግድ ስምምነት ፈረሙ፤ በሜይ 1968 ሥራ ጀመረ፣ ሌሎቹም ገቡበት። ከዚያ ጁላይ 4 ቀን 1973 ካሪኮም የሚባለው የካሪቢያን ማህበረሰብ ውል ተፈረመ። የት? ቻጓራማስ። ፈራሚዎቹ አራት ናቸው፤ ኤሪክ ዊሊያምስ፣ የባርቤዶሱ ኤሮል ባሮ፣ የጓያናው ፎርብስ በርናምና የጃማይካው ማይክል ማንሊ። አዎ፣ የኖርማን ማንሊ ልጅ።

ካሪኮም ከፌዴሬሽኑ ስህተት አንድ ነገር የተማረ ይመስላል። ማዕከላዊ መንግስት የለውም። የሚወስኑት መሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ትልቁ ሰው ቤቱ አይቀርም። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ሁሉም ካልተስማማ አይንቀሳቀስም። በ1989 ግሬናዳ ላይ አንድ ገበያ እንመሥርት ተባለ፤ ገበያው ሥራ የጀመረው በ2006 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት! አባላቱ ግን ዛሬ 15 ደርሰዋል፤ ደች የምትናገረው ሱሪናምና ፈረንሳይኛና ክሪዮል የምትናገረው ሃይቲ ጭምር ገብተዋል።

በመሃል ትናንሾቹ ቀደሟቸው። ለብቻቸው አይቆሙም የተባሉት የምሥራቅ ካሪቢያን ደሴቶች በ1981 ሴንት ኪትስ ላይ የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። አንድ ማዕከላዊ ባንክ አላቸው። አንድ ገንዘብ አላቸው፤ ከ1976 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.70 የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ይመነዘራል፣ አልተነቃነቀም። ጃማይካና ትሪኒዳድ ሊስማሙበት ያልቻሉትን እነዚህ እያንዳንዳቸው ከአንድ ከተማ ህዝብ የማይበልጥ ህዝብ ይዘው አደረጉት። ምናልባት ያደረጉት ትንሽ ስለሆኑ ነው፤ አንዱ ሌላውን የሚፈራበት ምክንያት የለም።

ባዶ ካዝናውም አልተረሳም። በ2005 የካሪቢያን ፍርድ ቤት ሲቋቋም መንግስታቱ በየዓመቱ መዋጮ እንዲለምን አልፈለጉም። 100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አስቀድመው በአደራ ፈንድ አስቀመጡለት፤ ፍርድ ቤቱ ከዚያ ይተዳደራል። ማንም ፖለቲከኛ ተናዶ በጀቱን ሊቆርጥበት አይችልም። በ1958 ግራንትሊ አዳምስ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢኖራቸው ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ፍርድ ቤቱ ያለው ፖርት ኦፍ ስፔን፣ ሄንሪ ስትሪት ላይ ነው። ባርቤዶስና ጓያና የመጨረሻ ይግባኛቸውን ወደዚያ ይወስዳሉ፤ ቤሊዝ፣ ዶሚኒካና ሴንት ሉሲያም በኋላ ተከትለዋል። ጃማይካና ትሪኒዳድ ለፈንዱ ከፍለዋል፤ ይግባኛቸው ግን እስካሁን የሚሄደው ለንደን ወዳለው የይግባኝ ችሎት፣ ወደ እንግሊዝ ፕሪቪ ካውንስል ነው። አንድ የፖርት ኦፍ ስፔን ነዋሪ በአገሩ ፍርድ ቤቶች ተረትቶ ይግባኝ ማለት ቢፈልግ በሄንሪ ስትሪቱ ህንፃ በር አልፎ ፋይሉን ለንደን ይልካል።